የመስተዋት ግድግዳና የደጋ ፀሐይ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት። ታዲያ ሕንፃዎቻችንን ከራስ እስከ እግር መስተዋት የምናለብሳቸው ስለ ምንድን ነው? መስተዋት የፀሐይን ጨረር ያስገባል፤ የገባውን ሙቀት ግን በቀላሉ አያስወጣም። ከቀትር በኋላ ወደ ምዕራብ በዞረ ቢሮ የሚሠራ ጸሐፊ ይህን ያውቃል፤ መጋረጃውን ዘግቶ በጠራራ ፀሐይ አምፑል ያበራልና። አባቶቻችን ወፍራም ግድግዳ፣ ሰፊ በረንዳና ረዥም ክፍክፍ ያበጁት ባለማወቅ አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ኃይል በጨለማ ለሚያመሸው የገጠር ቤት ይድረስ እንጂ፣ በገዛ እጃችን ያስገባነውን ሙቀት ለማስወጣት አይባክን። ሥልጣኔ ማለት የብርድ አገርን ልብስ መዋስ ሳይሆን የራስን አየር አውቆ መሥራት ነው። እንግዲህ ፕላን በቀረበልን ቁጥር አስቀድመን «ጥላው የት አለ?» ብለን እንጠይቅ።