አሮጌ ዕቃ ለአሮጌ መኪና፦ እስከ የት?

ሞጣ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ጋራዥ፣ ካርቶን በተነጠፈበት ወለል ላይ የሞተር ቴስታታ ተጋድሟል። የወለቀው ተገልብጣ ከቀረች ቶዮታ ነው፤ ከተስማማን የሚገጠመው በእኔዋ ባለ 3ኤል ሞተር ደብል ጋቢና ላይ ነው። ሽማግሌው መካኒክ አልቸኮሉም። የብረት ማስመሪያ ከዳር እስከ ዳር ጋደም አድርገው ከበስተጀርባው የስልካቸውን መብራት አበሩ፤ ብርሃን ሾልኮ የሚታይበት ቦታ ካለ ብረቱ ተጣሟል ማለት ነው። ቀጥለው ቴስታታውን በጎኑ አቁመው በአየር ማስገቢያዎቹ ቀዳዳዎች ናፍጣ ሞሉና ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ ተውት። ስንመለስ አንዱ ቫልቭ ዙሪያውን ረጥቧል። “ይኼ ምንም አይደል፤ ይታሽና ይገጥማል” አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ በሁለቱ ቫልቮች መካከል ያለችውን ስስ ብረት በጨርቅ ወልውለው በጥፍራቸው ዳበሷት። “ልጄ፣ እዚህ ጋ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች ግን በነጻም ቢሰጡህ አትውሰደው።”

ያን ቀን የወሰድኩትን ውሳኔ በዚህ መንገድ የሚኖር ባለመኪና ሁሉ ደጋግሞ ይወስነዋል። ከደጀን ተነስቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ጤፍ የሚጭነው አይሱዙ፣ ሰው የሚያመላልሰው ቅጥቅጥ፣ የመሥሪያ ቤቱ ላንድክሩዘር፣ የነጋዴው ፒክአፕ ብዙ ዘመን የሠሩ ናፍጣ መኪኖች ናቸው። አንድ ነገር ሲሰበር አዲስ ይገዛ ወይስ ከቆመ መኪና ይውለቅ? ሁለቱም ወገኖች ጠንካራ ሙግት አላቸው። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው መስማት ያስፈልጋል።

ያገለገለ ዕቃ ይሻላል የሚሉት የሚጀምሩት ከገንዘብ ነው። መለዋወጫ የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የብቸናው ባለመኪና ዶላር በእጁ ይዞ አያውቅም፤ ጤፍ ጭኖ ባገኘው ብር የሚገዛው ኖዝል ግን ከዶላሩ ጋር ይወጣል። መኪናውን ለውጦ እንዳይገላገል ደግሞ ያም በር ጠቧል። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። አዲስ አበባ ላይ ኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ይቻል ይሆናል። ገደል ለገደል፣ ጭቃ ለጭቃ ጭነት የሚያመላልስ የብቸና ነጋዴ ግን ያለችው ያቺው አሮጌዋ ናፍጣ ናት፤ እሷን ማቆየት ግዴታው ነው።

ሁለተኛው ሙግታቸው ብረቱ ራሱ ነው። ገበያው ላይ ያለው ምርጫ በአዲስና በአሮጌ መካከል ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ባለመኪናው ፊት የሚቀርቡት ሦስት ናቸው፦ ኪስ የማይደፍረው አዲስ ኦሪጅናል፣ በሚያምር ካርቶን የታሸገ አዲስ ኮፒ፣ ከሌላ መኪና የወለቀ ኦሪጅናል። ቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ብሎ የሠራቸው ሞተሮች፣ ላንድክሩዘሩ ላይ የምናውቀው ባለ 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድም፣ ያለ ኮምፒውተር የሚሠሩ፣ ፓምፓቸው ተፈትቶ የሚጠገን ናቸው። የኤሎቹ ቤተሰብ መቀመጫ ስለሚመሳሰል 2ኤል የነበረችው መኪና ላይ 5ኤል የገጠመ መካኒክ ብዙ ነው። ሃያ ዓመት ሠርቶ ያልተጣመመ የፋብሪካ ብረት ጥንካሬውን በሥራ አስመስክሯል፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለው አዲሱ ግን ገና አልተፈተነም። ይህ ሙግት ትክክል ነው፤ በዓይኔም አይቼዋለሁ።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ብቸና 265፣ ሞጣ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በመካከል ዓባይ በረሃ አለ። በአማራ ክልል ጦርነቱ ከተቀሰቀሰበት ከ2015 ክረምት ወዲህ መንገዱ ለቀናትና ለሳምንታት የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ በአውቶቡስ ይላክልኛል ያሉት ዕቃ ሳይመጣ መኪናዋ ቆማ ትከርማለች። እዚያው ከተማ ውስጥ የተገጨ መኪና ካለ ግን እንደ ቅርጫ በሬ በየብልቱ ይከፋፈላል፦ ለአንዱ ካምቢዮው፣ ለሌላው ዲፈረንሻሉ፣ ለሌላው ሞቶሪኖው። በአንድ የሞተ መኪና አራት መኪኖች ይነሳሉ።

ይህ የድሃ ዘዴ ብቻ ነው የሚል ሰው የባለጸጎቹን ሕግ ይመልከት። በአውሮፓ ኅብረት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜዋን ከጨረሰች መኪና ክብደት 95 በመቶው በአንድም በሌላም መንገድ ጥቅም ላይ መዋል አለበት፤ ጃፓንም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሷን የመኪና መልሶ መጠቀሚያ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። ጃፓኖች ያወለቁት ሞተር በሻርጃ ነጋዴዎች መጋዘን አልፎ እኛ ዘንድ ይደርሳል። መርካቶ ላይ ምናለሽ ተራ ሲሠራው የኖረውን ሥራ እነሱ በአዋጅ አደረጉት ማለት ነው። እኛ ጋ የጎደለው ሥርዓቱ ነው፤ ሥራውማ ከጥንትም አለ።

አሁን ሌላውን ወገን እንስማ። የእነሱ የመጀመሪያ ቃል “ያገለገለ ዕቃ ታሪኩን አይናገርም” የሚል ነው። ውሃ ጨርሳ እየፈላች ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዳች፣ ዘይቷ በጊዜ ይቀየር እንዳልነበር፣ ባለቤቷ ለምን እንደጣላት ብረቱ ላይ አልተጻፈም። ርካሽነቱም እስከ መጀመሪያው ብልሽት ድረስ ብቻ ነው። አሮጌ ፍሪሲዮን ለመግጠም ካምቢዮ ይወርዳል፤ ከሦስት ወር በኋላ ሲያልቅ እንደገና ይወርዳል። የመካኒኩ እጅ ሁለት ጊዜ ይከፈላል፣ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ከሥራ ትቀራለች። አዲሱን ዕቃ የገዛው ጎረቤት በዚያን ጊዜ ሁለት ገበያ ሠርቷል።

ነዳጁም የራሱ ነገር አለው። ማደያ ደርቆ ናፍጣ በጀሪካን በሚሸጥበት ከተማ ውሃና አቧራ የማይነካው ኖዝል የለም። የኖዝልና የፓምፓ ውስጣዊ ክፍሎች እርስ በርስ የሚገጥሙት በዓይን በማይለይ ጥበት ነው፤ አንዲት ቅንጣት ትጭራቸዋለች። ያለቀ ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም መርጨት ትቶ ያንጠባጥባል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ነዳጁ ይበላል፣ ሲብስም የፒስተኑን አናት ያቃጥላል። ከብቸና መኪና የወለቀ ኖዝል የብቸናን ናፍጣ ቁስል ይዞ ነው የሚመጣው። ፓምፓ ቤት ወስዶ ሳያስፈትሹ መግጠም በሽታን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሕይወት ነው። ስለዚህ የምናገረው ከሰማሁት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የፍሬኔ ማስተር ሲያፈስ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ የወለቀ ማስተር ገዝቼ አስገጠምኩ። ከተማ ውስጥ ደኅና ያዘ። ከደጀን ወደ ዓባይ ስወርድ፣ ቁልቁለቱ ገና ሳይጋመስ፣ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ቀስ እያለ ሰመጠ። ያ መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ገደል ነው። ወደ አንደኛ ማርሽ መልሼ፣ የእጅ ፍሬን እየሳብኩ፣ በግድግዳው ጥግ ይዤ ቆምኩ። ከጎኔ የተቀመጡት አክስቴ እስከ ማታ አልተናገሩም። ማስተሩ ሲፈታ ብረቱ ምንም አልሆነም ነበር፤ ውስጡ ያለው ጎሚኒ ነበር ደርቆ የተቆራረጠው።

በመጨረሻም የዕቃው ምንጭ ጥያቄ አለ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ስፖኪዮው ሌሊት ተነቅሎ፣ ጠዋት ሶማሌ ተራ ሄዶ የራሱን ስፖኪዮ መልሶ ስለገዛ ሰው የሚነገረው ወሬ የቆየ ነው። እዚያ በላባቸው የሚያድሩ ብዙ ነጋዴዎች አሉ፤ የወሬው ስም ለሁሉም አይገባም። ነገር ግን ደረሰኝ የማይጠይቅ ገዢ ባለበት ገበያ ሌባ ሥራ አይፈታም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የተሰረቀን ዕቃ እያወቁ መቀበልን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል። ሞተር ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ስለሚሰፍር፣ ማስረጃ የሌለው ሞተር የገጠመ ሰው ቦሎ ሊያወጣ ሲሄድ ጣጣው ይጀምራል።

ሁለቱን ወገኖች ሳዳምጥ ኖሬ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ሁለቱም “ዕቃ” ሲሉ አንድ ዓይነት ነገር እንደሆነ አድርገው ነው የሚናገሩት። አንዱ ቴስታታን፣ ሌላው ፍሬንን እያሰበ ይከራከራል። ስለዚህ ሚዛኑ ዋጋ ወይም ዕድሜ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ይህ ዕቃ መንገድ ላይ ቢሰበር መኪናዋ ትቆማለች ወይስ መቆም ያቅታታል?

ቢሰበር መኪናዋን የሚያቆማት ዕቃ አሮጌ ቢሆን ችግር የለውም። ሞቶሪኖ፣ ዲናሞ፣ ራዲያተር፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል፣ ቴስታታ፣ ሙሉ ሞተርም ቢሆን ሲበላሹ ገንዘብና ቀን ይበላሉ እንጂ ነፍስ አይበሉም። በርና ኮፈኖማ ከነቀለሙ ቢገኝ እሰየው ነው። ሞቶሪኖውን መሬት ላይ አስቀምጦ በባትሪ መሞከር፣ ሙሉ ሞተር ሲሆን አስነስቶ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ገልብጦ ቀዳዳው ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ክዳኑ ረጋ ብሎ ከተቀመጠ መልካም፤ እየዘለለ ከጨፈረና ጭስ ከወጣ ፋሻዎቹ አልቀዋል፣ ጥሎት መሄድ ነው። ቢሰበር መኪናዋን መቆም የሚያሳጣት ዕቃ ግን፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ ባልጆይንት፣ የመሪ መገጣጠሚያ፣ ጎማ፣ አዲስ ይሁን። እዚህ ላይ የተቆጠበ ብር የባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የተጫኑት ሰዎችም ዕዳ ነው።

ከሁለቱ ወደ አንዱም የማይገባ ሦስተኛ ወገን አለ። ጓርኒሲዮን፣ የዘይት ማገጃ ጎማና የታይሚንግ ቺንጋ ነፍስ አይነኩም፤ ግን ከዋጋቸው መቶ እጥፍ ያጠፋሉ። የ3ኤል ታይሚንግ ቺንጋ ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ርካሽ ሆነው ውድ ነገር የሚጠብቁ ዕቃዎች ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ።

ይህን ስል የሚመጣብኝን ሙግት አውቃለሁ፦ “አዲሱ የፍሬን ዕቃ ኮፒ ከሆነስ?” እውነተኛ ጥያቄ ነው። መልሱን ያገኘሁት ከዚያው ካስደነገጠኝ ማስተር ነው። ብረቱ ኦሪጅናልና ጤነኛ ነበር፤ የከዳኝ ጎሚኒው ነው። ውስጡ ያልተጫረ አሮጌ የብረት አካል ላይ አዲስ ጎሚኒ ማስገባት ከማይታወቅ አዲስ ማስተርም፣ ውስጡ ካልታየ አሮጌም ይሻላል። ብረት በፍተሻ ይታመናል፤ ጎማና ሸራ ግን በዕድሜ ያልቃሉና ይቀየሩ።

የቀረው የመንግሥትና የጋራዦች ድርሻ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ጎማቸው መሬት የነካ፣ ሣር የበቀለባቸው ቶዮታዎች ይታያሉ። በጨረታ እስኪወገዱ ዓመታት ሲያልፉ ዝናብ ቴስታታቸውን ይበላል፣ አይጥ ሽቦአቸውን ይበጣጥሳል። ተቻኩሎ መሸጥ ንብረት ለወዳጅ ለመስጠት በር ስለሚከፍት ጥንቃቄው አይነቀፍም፤ ሆኖም በግልጽ ጨረታ ቶሎ ቢሸጡ ንጹሕ ምንጭ ያለው ዕቃ በየከተማው ይገኝ ነበር። ጋራዦችም የሸጡት ዕቃ ከየትኛው ሰሌዳ መኪና እንደወለቀ በደረሰኝ ቢጽፉ ታማኙ ነጋዴ ከሌባው ይለያል። አዲስ ናፍጣ አውቶሞቢል በማይገባበት አገር ዕቃ የሚወልቅበት መኪና ቁጥርም እየቀነሰ ይሄዳል፤ ያለውን በጓሮ ማበስበስ ከነገ ላይ መስረቅ ነው።

ያንን ቴስታታ ወሰድኩት። ስንጥቅ አልነበረውም፤ ቫልቩ ታሽቶ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገብቶለት፣ በሞጣ ብርድ ጠዋት ሞተሩ በሁለተኛው ቁልፍ ተነሳ። የፍሬኑ ጎሚኒና ሸራ ግን ከካርቶን የወጡ አዲስ ናቸው። እስከ ዛሬ ደጀን ስደርስ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ዳር ይዤ እቆምና ፔዳሉን አጥብቄ ረግጬ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ። እግሬ ሥር ካልሰመጠ እወርዳለሁ።