«በመርፌው ተሽሎኛል፤ ጨረሩ ምን ያደርግልኛል?»

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አባቶቻችን ነው።

ሽንት አልወጣ ብሏቸው ይመጣሉ፤ ምርመራው የፕሮስቴት ካንሰር ሆኖ ይገኛል። የሆርሞን መርፌ ሲጀምሩ ሽንቱ ይቀላል፣ ፒኤስኤው ይወርዳል። ከዚያ ለጨረር አዲስ አበባ ሪፈር ሲባሉ «ልጄ፣ ተሽሎኛል እኮ! ለምን ልንገላታ?» ይላሉ።

እኔ ግን እላለሁ፦ መሻል ሌላ፣ መዳን ሌላ።

ይህን ካንሰር የሚመግበው ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ነው። እንደ ዞላዴክስ ያለው መርፌ ሆርሞኑን ያደርቅበታል። ካንሰሩ ተርቦ ይኮማተራል፤ ሁሉም ግን አይሞትም። የተረፈው ቆይቶ ያለ ሆርሞን ማደግ ይለምዳል። ጨረሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ እዚያው ፕሮስቴቱ ላይ ያለውን ሴል ይገድላል።

በኖርዌይ፣ በስዊድንና በዴንማርክ 875 ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቷል። አብዛኞቹ ካንሰሩ ከፕሮስቴት ሽፋን ያለፈ፣ ግን ሩቅ ያልተሰራጨባቸው ነበሩ። በ10 ዓመት ውስጥ በካንሰሩ የሞቱት፣ የሆርሞን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ከ100ው 24 ገደማ፣ ጨረር ከተጨመረላቸው 12 ገደማ ናቸው። በግማሽ!

ጨረር ብቻም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ የአውሮፓ ጥናት ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ጨረር ብቻ ካገኙት 62 በመቶ፣ መርፌው ለ3 ዓመት ከተጨመረላቸው 79 በመቶ ናቸው። ስለዚህ «ጨረሩን ጨርሻለሁ» ብሎ መርፌውን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

እውነት ነው፣ ከብድሬ ወይም ከጎባ ሄዶ አዲስ አበባ ለሳምንታት መቀመጥ ከባድ ነው። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ነበር። ጨረር ወደየክልሉ መቅረብ አለበት። እስከዚያው ግን እኛ ሐኪሞች ከመጀመሪያው ቀን «መርፌው የሕክምናው ግማሽ ነው» ብለን ለታካሚውም ለቤተሰቡም በግልጽ መንገር አለብን። ብዙ ጊዜ አንነግርም።

እናንተም አባታችሁን ይዛችሁ ስትመጡ እነዚህን ጠይቁ፦

✅ ካንሰሩ አጥንት ደርሷል? (ከደረሰ ዋናው ሕክምና መድኃኒቱ ነው፤ የጨረሩ ነገር እንደ ሁኔታው ይወሰናል።)
✅ ጨረር ይጠቅመዋል?
✅ ወረፋ እስኪደርሰው መርፌውን ይቀጥል?
✅ መርፌው እስከ መቼ ነው?

ሙቀት ሙቀት ማለት፣ የወሲብ ፍላጎት መቀነስና የአጥንት መሳሳት የመርፌው ጎንዮሽ ጉዳቶች ናቸው። አባቶች አፍረው ስለማይናገሩ እናንተ ጠይቋቸው።

አባት ላለው ሁሉ ሼር አድርጉ።