የስክሪኑ ውሻ "ተራ" አያውቅም

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ኳስ የለም። ወልቂጤም ይሁን ቡታጅራ፣ ቤቲንግ ቤት የገባ ልጅ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ "ቀዩ ሁለቴ አሸንፏል፣ አሁን ተራው የሰማያዊው ነው" ብሎ ትኬት ይቆርጣል። የሚሮጡት ግን ውሾች አይደሉም፤ የኮምፒውተር ምስሎች ናቸው።

ይሄ ጨዋታ ሲጀመር እውነተኛ ውሻ ነበረው። ግሬይሀውንድ የሚባሉት ፈጣን ውሾች ሰው ሠራሽ ጥንቸል እያሳደዱ የሚሮጡበት ውድድር ከአሜሪካ ተነስቶ በ1926 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ፣ ማንቸስተር ገባ። በ1927 ደግሞ ለንደን ዋይት ሲቲ ስታዲየም ላይ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ግሬይሀውንድ ደርቢ ተካሄደ። ኢንትሪ ባጅ የሚባል ውሻ አሸነፈ። ኦዱ በዛሬው አጻጻፍ 1.25 ብቻ ነበር፤ 100 ብር ላስያዘ ትርፉ 25 ብር እንደማለት ነው። ለምን አነሰ? ፈጣን መሆኑን ሰው ስለሚያውቅ ነው። ከዛ ሚክ ዘ ሚለር በ1929 እና በ1930 ተከታትሎ ዋንጫውን ወስዶ ዝነኛ ሆነ።

ያኔም ቁማር ነበር፣ ያኔም "ሠራተኛው ደመወዙን እየጨረሰ ነው" ተብሎ ተጮኋል። በ1934 የወጣው ሕግ በውሻ ሜዳዎች ውርርድ የሚፈቀደውን በዓመት 104 ቀን ላይ ገደበው። የስክሪኑ ውሻ ግን በየጥቂት ደቂቃው ይሮጣል፣ ያውም ሳምንቱን ሙሉ።

ትልቁ ልዩነት ሌላ ነው። የቨርቹዋል ውሻ ብቃት የለውም፣ አይደክምም፣ አይጎዳም። አሸናፊውን የሚያወጣው በዘፈቀደ ቁጥር የሚመርጥ ፕሮግራም ነው። ቀዩ አሥር ጊዜ ቢያሸንፍ እንኳ ለቀጣዩ ዙር ምንም ማለት አይደለም። ቁጭ ብሎ ውጤት መመዝገብ ጥቅም የለውም።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ስድስቱም ውሾች እኩል ዕድል አላቸው እንበል፣ ኦዱ ደግሞ 5 ነው። በእያንዳንዱ ላይ 10 ብር ብታስይዙ 60 ብር ታወጣላችሁ፤ የሚመለሰው 50 ነው። 10 ብሩ ለቤቱ ቀረ። ማንም ውሻ ቢያሸንፍ ይሄ አይቀየርም። በቆያችሁ ቁጥር የሚጎድለው የእናንተ ኪስ ነው።

ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ቢያንስ አንድ ነገር ያስገድድ፦ ከ100 ብር ስንቱ ለተጫዋች እንደሚመለስ በየስክሪኑ ላይ በጉልህ ይጻፍ።

"ተራዬ ይደርሳል" ለሚል ልጅ ደግሞ፣ ተራ ያለው ዕቁብ ነው። ጉራጌ ያደገ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ ዕጣው ዛሬ ባይወጣለትም የጣለው ብር አንድ ቀን ይደርሰዋል። የስክሪኑ ውሻ እንዲህ ያለ ቃል አልገባላችሁም።