«አለህ?» «አለሁ»

በስልክ ኔትወርክ ውስጥ ጥንድ ሰርቨሮች በየሰከንዱ «አለህ?» «አለሁ» ይባባላሉ። አንዱ ዝም ካለ ሌላው ሥራውን ይረከባል፤ ደዋዩም ሳያውቀው ወሬውን ይቀጥላል። የዚህ እትም ጉዳይ ይኸው ነው።

ጥንድ መሆን ብቻውን ግን አያድንም። የጃፓኑ የስልክ ኩባንያ ሶፍትባንክ መሣሪያዎቹን ቶኪዮና ኦሳካ ላይ ተክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 2018 በመሣሪያዎቹ የኤሪክሰን ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ዲጂታል ሰርተፍኬት ጊዜው አለፈ፤ ሶፍትዌሩ በሁለቱም ከተሞች ስለነበር መሣሪያዎቹ አብረው ቆሙ። ኔትወርኩ ከ4 ሰዓት በላይ ጠፋ። የእንግሊዙ የስልክ ኩባንያ ኦቱም (O2) በዚያው ቀን በዚያው ምክንያት ወደቀ። (ሰርተፍኬት የሚያበቃበትን ቀን የሚከታተል ሰው በቢሯችሁ አለ?)

በጥንዶቹ ሰርቨሮች መካከል ያለው ኬብል ሲቆረጥስ? ሁለቱም ሌላው ሞቷል ብለው ሥራውን ይሻሙበታል። ከመሐንዲሶቻችን ጽሑፎች ረጅሙ በዚህ ላይ ነው፤ ለማሳጠር አልደፈርኩም።