ውል የለህም የተባለው ሠራተኛ

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ፎቅ የሚሠራው፣ ብዙውን ጊዜ፣ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ነው። የቀን ሠራተኛው፣ አብዛኛውን ጊዜ የገበሬ ልጅ፣ ቡኮ ተሸክሞ ያለ ቆብና ያለ ቀበቶ ይወጣበታል። ሲወድቅ «ውል የለህም» ይሉታል። ይህ ሐሰት ነው! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቃል ውልንም ይቀበላል፤ አሠሪው ባያጠፋም እንኳ ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ ነው። ያሳክማል። ሠራተኛው ከሥራ ውጪ ሲሆን ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን ሦስት ወር ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያም ስድስት ወር ቢያንስ ግማሹን ይከፍለዋል።

ይህን ስንቱ ቤተሰብ ሳያውቅ ለሕክምና በሬውን ሸጧል? በዚህ እትም ያስቀደምነው ከአደጋው ቀን ጀምሮ መያዝ ያለበትን ነው፦ የሐኪም ማስረጃ፣ አብረው የዋሉ ምስክሮች፣ የከፋዩ ፎርማን ስም።