አባይ ማደሪያ አገኘ፤ ፌስታላችንን ይዞ ይደር?

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ዛሬ ማደሪያ አለው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ፣ ከጉሮሯችን ቀንሰን ቦንድ ገዝተን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ማደሪያ! ግን ወገኔ፣ ግንዱስ ቀረ፤ አሁን ይዞት የሚያድረው ምንድን ነው? ፌስታልና ሃይላንድ!

የቆሰበር ልጅ፣ «ይሄ የጉባ ሰዎች ጉዳይ ነው» እንዳትለኝ። ከአዊ ደጋ የሚነሳው ውሃ የት ይሄዳል? ዱራም በለስም አባይ ነው የሚገቡት። በዳንግላ በኩል ያለው በግልገል አባይ አድርጎ ጣና ይገባል፤ ጣናም መልሶ ለአባይ ያስረክባል። ገበያ ሲበተን መሬት ላይ የቀረው ፌስታል ክረምት ሲመጣ በቦይ አድርጎ ወንዝ ይገባል። ከዚያ መንገዱን ያውቀዋል።

ፕላስቲክ አይበሰብስም። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ድንጋይ ይፈጨዋል፤ ከ5 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ወራጅ ወንዝ ይህን ብናኝ እየገፋ ይወስደዋል። ግድብ ሲደርስ ግን ውሃው ይረጋል። የረጋ ውሃ እንደ ጠላ ጋን ነው፤ ከባዱ እንደ አተላ ይዘቅጣል፣ ቀላሉ ላይ ይንሳፈፋል። የዘቀጠው ከደለል ጋር ይቀበራል፤ ደለሉ በተናወጠ ቁጥር ደግሞ ተመልሶ ይነሳል። የተንሳፈፈውን ፀሐይ ይበልጥ ትሰባብረዋለች። ዓሣው ምግብ መስሎት ይውጠዋል።

«የፈረንጅ ወሬ ነው» ለምትል፦ እዚሁ አገራችን ዝዋይ ሐይቅ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ዓሦች በ35 በመቶው ሆድ ዕቃ ውስጥ ፕላስቲክ አግኝቷል። ወሬ ነው?

ይህን ሰምቶ «አያችሁ፣ ግድብ ወንዝ ያበላሻል» የሚል አይጠፋም። ግድብ ፕላስቲክ አያመርትም! እኛ የጣልነውን ነው የሚያከማቸው። እንዲያውም ወደ ታች የሚያልፈውን ይቀንሳል። ያ ለታችኞቹ አገሮች እፎይታ ነው፤ ለእኛ ግን ቆሻሻችን በገዛ ቤታችን ቀረ ማለት ነው። ከእንግዲህ «ወንዝ ወሰደው» ብሎ መገላገል የለም።

ሕግ አጥተን ነው? አይደለም። የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። 18 ዓመት ሙሉ ማን ሰማው? በ2017 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ጸደቀ። ይሄኛውም ድንች ሻጯን እናት አስፈራርቶ አምራቹን የሚያልፍ ከሆነ ያው ነው። ከላይ ይጀመር!

እኛስ? ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲመጣ አገር ምድሩ እንጅባራ ይተማል። በማግስቱ ሜዳው ላይ ሃይላንድ ከቀረ፣ ፈረሱን አስጊጠን ወንዙን አዋረድን ማለት ነው። ዘንቢል ያዝ። ሰፈርህን አስተባብረህ ቦዩን ክረምት ሳይገባ ጥረግ። ከተማ አስተዳደሩን «የቆሻሻ ማጠራቀሚያው የታለ?» ብለህ ጠይቅ፤ መብትህ ነው።

ቦንድ የገዛ እጅ ፌስታል አይጥልም! ሼር አድርጉት።