በግምት አትሙሉት

«ሒሳብ አይሆንልኝም» የሚል ሰው ጋዜጣ ላይ ሱዶኩ ሲያይ ገጹን ገልጦ ያልፋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሱዶኩ ውስጥ መደመርም ማባዛትም የለምና። ቁጥሮቹን አውጥታችሁ ከ«ሀ» ጀምሮ ዘጠኝ ፊደላት ብትተኩባቸው ጨዋታው ያው ነው። ሕጉም አጭር ነው፦ በእያንዳንዱ አግድም መስመር፣ በእያንዳንዱ ቁልቁል መስመር፣ ዘጠኝ ቤት ባለው በእያንዳንዱ ሳጥን ከ1 እስከ 9 ያሉት ሁሉ ይግቡ፤ አንዱም አይደገም።

ጀማሪን የሚጥለው ሕጉ ሳይሆን ችኮላው ነው። ባዶ ቤት ሲያይ «5 ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ይጽፋል። ብዙ ከሄደ በኋላ ሁለት 5 አንድ መስመር ላይ ይገናኛሉ፤ ጥፋቱ ከየት እንደጀመረ ግን አይታወቅም፤ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መነሣት ነው። ስለዚህ አትገምቱ እላለሁ። በወጉ የተዘጋጀ ሱዶኩ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሰው ፍንጭም ወረቀቱ ላይ አለ።

ከላይ የተደረደሩትን ሦስት ሳጥኖች እንውሰድ። በግራው ሳጥን 7 ያለው አንደኛው መስመር ላይ ነው፤ በቀኙ ሳጥን ደግሞ ሁለተኛው ላይ። የመካከለኛው ሳጥን 7 እንግዲህ ሦስተኛው መስመር ላይ ካልሆነ መግቢያ የለውም። እዚያ ካሉት ሦስት ቤቶች ሁለቱ ተይዘው ከሆነ ነገሩ አለቀ። ቀላል የሚባሉት ሱዶኩዎች አብዛኛው ሥራቸው ይኸው ነው።

እኔ የምወደው ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። አንድ መስመር ላይ ከ2 እና ከ6 በቀር ምንም የማይቀበሉ ሁለት ቤቶች አሉ እንበል። የትኛው የትኛውን እንደሚይዝ ገና አናውቅም። ሁለቱ ቁጥሮች ከእነዚህ ቤቶች እንደማይወጡ ግን እርግጠኞች ነን፤ ስለዚህ በመስመሩ ካሉት ሌሎች ቤቶች 2ንና 6ን እንሰርዛለን። ይኼኔ እምቢ ብሎ የቆየ ሌላ ቤት አንድ ቁጥር ብቻ ይቀረዋል። ያልፈታነው ነገር ሌላውን ፈታልን! ለዚህ ነው ጀማሪ እርሳስ ይዞ፣ በየቤቱ ጥግ ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች በደቃቁ መጻፍ ያለበት። ስልክ ላይ ያሉት ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ስሕተትን ወዲያው በቀይ ያሳያሉ፤ እንዲህ ከሆነ ሰው ቀዩ እስኪጠፋ መሞከር እንጂ ማሰብ አይለምድም። ስለዚህ ለመማር ወረቀት ይሻላል ባይ ነኝ።

ጨዋታውም የተወለደው ወረቀት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ በዴል መጽሔት ሲወጣ ስሙ ሌላ ነበር፤ ፈጣሪው የኢንዲያናው ጡረተኛ አርክቴክት ሃዋርድ ጋርንስ እንደሆነ ይታመናል። በ1984 ጃፓን ውስጥ ኒኮሊ የተባለው አሳታሚ ወሰደው፤ በኋላም የሚሰጡት ቁጥሮች ከ32 እንዳይበልጡና አቀማመጣቸው የተመጣጠነ እንዲሆን ደነገገ። ሆንግ ኮንግ ዳኛ የነበረው ኒውዚላንዳዊው ዌይን ጉልድ ደግሞ ሱዶኩ የሚያዘጋጅ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲሠራ ዓመታት ፈጀ፤ በ2004 ለለንደኑ «ዘ ታይምስ» አቀረበው፤ ከዚያ ወዲህ ዓለምን አዳረሰ። ጋርንስ በ1989 ስላረፈ ይህን አላየም።

የተሰጡት ቁጥሮች ማነስ ጀማሪን አያስፈራው። በ2012 የደብሊን ተመራማሪዎች በኮምፒዩተር እንዳረጋገጡት፣ አንድ መልስ ብቻ ላለው ሱዶኩ ቢያንስ 17 ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ክብደቱን የሚወስነው ግን ብዛታቸው ብቻ አይደለም፤ አቀማመጣቸውም ነው። በዚህ ሳምንት የምትጀምሩ፣ ተደጋግሞ ከተሰጠው ቁጥር ተነሡ፤ ቀጥሎም ብዙ ቤት የተሞላበትን ሳጥን ፈልጉ።

የጋዜጣ አዘጋጆችንም አንድ ነገር ልለምን፦ መልሱን እዚያው ገጽ ግርጌ ዘቅዝቃችሁ አታትሙብን፤ ለሚቀጥለው ሳምንት አቆዩልን።